ስለ ድንኳናችን የኤሌክትሪክ ገመድ

በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለአባላት የተደረገ ንግግር



 

እንደምታውቁኝ እኔ ዕድሜዬን በመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት አሳልፌ በጡረታ የተገለልኩ ሰው ነኝ። የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይደለሁም፤ ትምህርቴም የአንደኛ ደረጃ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ የማቀርበው ነገር መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ለሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚገባ ነው። ከልጅ ልጄ የሳይንስ ደብተር ያነበብኩትን፣ በሰፈራችን ካሉ የኤሌክትሪክ ሠራተኞችም እየጠየቅሁ የተረዳሁትን፣ በራሳችን ዕቃ እያሰላሁ ነው የምነግራችሁ። በመጨረሻ ለጉባዔው የማቀርበው የውሳኔ ሐሳብ ስላለኝ እስከዚያው በትዕግሥት እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ።

ነገሩ ስለ ድንኳናችን ገመድ ነው። ቀድሞ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል የሚበራው ፋኖስ ነበር፤ ንፍሮው የሚቀቀለው፣ ቡናው የሚፈላው በእንጨትና በከሰል ነበር። ዛሬ ግን ከሐዘንተኛው ቤት ወይም ከጎረቤት አንድ ገመድ ተስቦ ይመጣል። በገመዱ ጫፍ ማከፋፈያ ይደረግና አምፑሉም፣ የሻይ ማፍያውም፣ ምድጃውም፣ የለቀስተኛው ሁሉ የስልክ ቻርጀርም እዚያው ላይ ይሰካል። ድንኳኑ ሸራ ነው። መሬቱ ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል። ውስጡ ደግሞ ሽማግሌው፣ አሮጊቷ፣ ሕፃኑ ታጭቆ ይቀመጣል። በዚህ መካከል እሳት ቢነሣ ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ባለፈው ክረምት በአንድ አባላችን ለቅሶ ላይ ከወንበር ሥር ተጠቅልሎ የተቀመጠው ትርፍ ገመድ ልባሱ ለስልሶ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ሽታው ስለቀደመን በጊዜ መንቀላችንን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ያን ዕለት ሁሉም ሰው የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ብሬከሩ እኮ አልጣለም! ታዲያ ገመዱ እንዴት ቀለጠ?» የሚል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልስ ካላገኘንለት ግን ነገም እዚያው ነን። ስለዚህ መልሱን በቅደም ተከተል እንፈልግ።

ኤሌክትሪክን ለማስላት ሦስት መለኪያዎች ይበቁናል። አንደኛው ግፊት ነው፤ በቮልት ይለካል። በአገራችን ወደ ቤት የሚገባው 220 ቮልት ነው። ሁለተኛው በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው የኮረንቲ ብዛት ነው፤ በአምፔር ይለካል። ሦስተኛው ባለሙያዎቹ ሬዚስታንስ የሚሉት ተቃውሞ ነው፤ በኦም ይለካል። በቦኖ ውሃ ብንመስለው፣ ቮልት ውሃውን ከላይ የሚገፋው ኃይል ነው፤ አምፔር በቧንቧው የሚያልፈው የውሃ ብዛት ነው፤ ኦም ደግሞ የቧንቧው ጥበት ነው። ቧንቧው ሲጠብና ሲረዝም ውሃው ይቸገራል፤ ሽቦም ሲቀጥንና ሲረዝም እንደዚሁ ነው።

ጌዎርግ ኦም የሚባል ጀርመናዊ፣ የቁልፍ ሠሪ ልጅ የሆነና በኮሎኝ ከተማ መምህር የነበረ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው መጽሐፍ የሦስቱን ዝምድና ገልጾታል። ይኸውም ግፊቱ ለተቃውሞው ሲካፈል የኮረንቲው ብዛት ይገኛል። ለምሳሌ ተቃውሞው 22 ኦም የሆነ የኤሌክትሪክ ምድጃ 220 ቮልት ላይ ብንሰካው፣ 220 ለ22 ሲካፈል 10 አምፔር ይስባል ማለት ነው። ኃይሉን ለማወቅ ደግሞ ቮልቱን በአምፔሩ ማባዛት ነው፤ 220 በ10 ሲባዛ 2,200 ዋት ይሆናል። ከምድጃው ጀርባ ባለችው ቆርቆሮ ላይ የሚጻፈው ዋት ይኸው ነው። በግልባጩ ደግሞ በማንኛውም ዕቃ ላይ የተጻፈውን ዋት ለ220 ብናካፍል፣ ያ ዕቃ ስንት አምፔር እንደሚስብ እናውቃለን። ከንግግሬ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ትሄዱ እንደሆነ ይህችን ማካፈል ያዙልኝ።

አሁን ወደ አያያዙ ልለፍ። የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚያያዘው በሁለት ዓይነት መንገድ ነው፤ በተከታታይና በጎንዮሽ።

ተከታታይ ማለት አንዱ ከአንዱ ጫፍ እየተቀጠለ፣ ኮረንቲው በሁሉም ውስጥ በየተራ የሚያልፍበት አያያዝ ነው። በእጅ ባትሪ ውስጥ ድንጋዮቹን የምንከተው በተከታታይ ነው፤ አንዱ ድንጋይ 1.5 ቮልት ቢሆን ሁለቱ 3 ቮልት ይሆናሉ፤ ራዲዮናችን አራት ድንጋይ ሲጎርስ 6 ቮልት ያገኛል። በበዓል ሰሞን ልጆች የሚሰቅሏቸው የድሮዎቹ ጥቃቅን አምፑሎችም እንደዚሁ ነበሩ። 20 ትንንሽ አምፑሎች በአንድ ረድፍ ቢቀጠሉ 220 ቮልቱን ይካፈሉታል፤ ለእያንዳንዳቸው 11 ቮልት ይደርሳቸዋል። አንዱ ሲቃጠል ግን መንገዱ ስለሚቆረጥ ሁሉም ይጠፋሉ። በተከታታይ አያያዝ እንግዲህ ኮረንቲው በሁሉም ቦታ እኩል ነው፤ ግፊቱ ይከፋፈላል፤ ተቃውሞዎቹ ይደመራሉ።

ጎንዮሽ ማለት ደግሞ እያንዳንዱ ዕቃ ለየብቻው ከሁለቱ ሽቦዎች ጋር የሚገናኝበት አያያዝ ነው። የቤታችን አምፑሎችና ሶኬቶች በሙሉ እንደዚህ ናቸው። የሳሎኑ አምፑል ቢቃጠል የጓዳው አይጠፋም፤ ሁሉም ሙሉውን 220 ቮልት ያገኛል። ኮረንቲው ግን ይደመራል። አንዱ ምድጃ 10 አምፔር ቢስብ፣ አጠገቡ ያለው ሻይ ማፍያ 5 አምፔር ቢስብ፣ ከዋናው መሥመር የሚመጣው 15 አምፔር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ብዙ ዕቃ በሰካን ቁጥር ተቃውሞው ይበዛል» ይባላል። በጎንዮሽ አያያዝ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ይህ የተሰበሰብንበት አዳራሽ አንድ በር ቢኖረው ስንወጣ እንጋፋለን፤ ሁለተኛ በር ቢከፈት መውጣት ይቀላል። አዲስ ዕቃ መሰካት አዲስ በር መክፈት ነው። እያንዳንዳቸው 22 ኦም የሆኑ ሁለት ምድጃዎች ጎን ለጎን ሲሰኩ የሁለቱ ተቃውሞ አንድ ላይ 11 ኦም ብቻ ይሆናል፤ የሚያልፈውም ኮረንቲ እጥፍ ይሆናል።

ታዲያ አዳራሹ ሁለት በር ቢኖረውም ከግቢው የምንወጣበት በር አንድ ቢሆንስ? ከሁለቱ በሮች የወጣው ሰው ሁሉ እዚያች አንዲት የግቢ በር ላይ ይገናኛል፤ መጋፋቱም እዚያ ይሆናል። ድንኳናችን ማለት ይህ ነው። በማከፋፈያው ላይ የተሰኩት ዕቃዎች እርስ በርሳቸው በጎንዮሽ ናቸው፤ ከቤት እስከ ድንኳን የተዘረጋው ገመድ ግን ከሁሉም ጋር በተከታታይ ነው። ባለሙያዎቹ ጥምር አያያዝ የሚሉት ይህንኑ ነው። ዕቃው የየራሱን ድርሻ ይስባል፤ የሁሉንም ድርሻ የሚሸከመው ግን ያው አንዱ ገመድ ነው።

አሁን በቁጥር እንየው። ገመዳችን 28 ሜትር ነው። የመዳቡ ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር ካሬ ነው። ኮረንቲው ሄዶ ስለሚመለስ የሽቦው ርዝመት 56 ሜትር ይሆናል። እንዲህ ያለ የመዳብ ሽቦ ተቃውሞው ወደ 1 ኦም ይጠጋል። «1 ኦም ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። ቆዩ።

መጀመሪያ አምፑሎች ብቻ ይብሩ። እያንዳንዳቸው 11 ዋት የሆኑ 10 ኃይል ቆጣቢ አምፑሎች 110 ዋት ናቸው፤ ለ220 ሲካፈል ግማሽ አምፔር ነው። በገመዱ ላይ የሚፈጠረውን ሙቀት ለማስላት ጄምስ ጁል የሚባል እንግሊዛዊ፣ የቢራ ጠማቂ ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1841 ያሳተመውን ሕግ እንጠቀማለን። ሕጉ አምፔሩን በራሱ አባዙት፣ ከዚያም በተቃውሞው አባዙት ይላል። ግማሽ በግማሽ ሲባዛ ሩብ ነው፤ በ1 ኦም ሲባዛ ሩብ ዋት። ይህ ምንም ማለት አይደለም፤ ገመዱ አያውቀውም።

ለስሌቱ እንዲቀል አምፑሎቹን ትተን አሁን አንዱን ምድጃ ብቻ እንሰካ። የገመዱ 1 ኦምና የምድጃው 22 ኦም ሲደመሩ 23 ኦም ነው። 220 ለ23 ሲካፈል ከ9 አምፔር ተኩል በጥቂት ይበልጣል። በራሱ ተባዝቶ ገመዱ ላይ የሚቀረው ሙቀት ወደ 91 ዋት ነው።

ሁለተኛውን ምድጃ እንጨምር። ሁለቱ ምድጃዎች አንድ ላይ 11 ኦም፣ ከገመዱ ጋር 12 ኦም። 220 ለ12 ሲካፈል 18.3 አምፔር። በራሱ ሲባዛ 336 ዋት! ሦስተኛ ምድጃ ቢጨመር ደግሞ ኮረንቲው 26.4 አምፔር፣ የገመዱ ሙቀት 697 ዋት ይደርሳል።

ልብ በሉ። ምድጃው ከአንድ ወደ ሁለት ሲሆን ዕቃው የጨመረው እጥፍ ነው፤ የገመዱ ሙቀት ግን ከ91 ወደ 336፣ ማለትም ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ዘለለ። ይህ የሆነው አምፔሩ በራሱ ስለሚባዛ ነው። «አንድ ብቻ ብንጨምር ምን ይሆናል?» የሚለው አነጋገራችን በምድጃው በኩል እውነት ቢመስልም በገመዱ በኩል እውነት አይደለም።

ከዚህም ሌላ ገመዱ 18.3 ቮልት ስለሚያስቀር ለምድጃዎቹ የሚደርሳቸው ከ202 ቮልት ያነሰ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ምድጃ 2,200 ዋት መስጠት ሲገባው የሚሰጠው ወደ 1,850 ዋት ብቻ ነው። ሴቶቻችን «ዛሬ ውሃው አልፈላም አለ» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው። ቆጣሪው ግን ገመዱ ላይ የባከነውንም ጨምሮ ይቆጥራል፤ የሚከፍለውም ሐዘንተኛው ነው።

እንግዲህ ወደዚያ ወደ ብሬከሩ ጥያቄ እንመለስ። ብሬከር የተሠራው በቤቱ ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ለመጠበቅ ነው። የሶኬት መሥመር ብሬከር ብዙ ጊዜ 20 ወይም 25 አምፔር ነው። በሁለት ምድጃ ያለፈው 18.3 አምፔር ነው። ለብሬከሩ ይህ ከልኩ በታች ስለሆነ የሚጥልበት ምክንያት የለውም። ባለ 1 ሚሊ ሜትር ካሬ ተጣጣፊ ገመድ ግን በተለምዶ የሚችለው 10 አምፔር ያህል ነው። ስለዚህ ብሬከሩ ሥራውን በትክክል እየሠራ ሳለ ገመዱ ይቀልጣል። ብሬከሩ ገመዳችን ቀጭን ይሁን ወፍራም የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ብሬከር አልጣለም ማለት አደጋ የለም ማለት እንዳልሆነ ሁላችንም እንያዘው።

በዚያ ላይ ትርፉ ገመድ ተጠቅልሎ ነበር። የተዘረጋ ገመድ ሙቀቱን ለአየር ይሰጣል፤ 336 ዋት በ28 ሜትር ሲከፋፈል በሜትር 12 ዋት ነው። የተጠቀለለው ግን እርስ በርሱ እየተሟሟቀ፣ መውጫ አጥቶ፣ ልባሱን ያቀልጣል። የቀለጠውም የተጠቀለለው ክፍል ነበር፤ የተዘረጋው ደኅና ነበር። እንደዚሁም ቫልቮላ ባለበት ቤት የተቃጠለውን ቫልቮላ በወፍራም ሽቦ ወይም በምስማር መተካት ጠባቂውን አባርሮ በሩን ክፍት እንደ መተው ነው።

ሌላው አደገኛ ነገር የተቀጠለ ቦታ ነው። ሁለት ሽቦ በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር ሲጠቀለል ከላይ ሲያዩት ደኅና ይመስላል። ነገር ግን ላልቶ ወይም ዝጎ ግማሽ ኦም ያህል ተቃውሞ ቢፈጥር፣ በሁለቱ ምድጃዎች ጊዜ እዚያች ነጥብ ላይ ብቻ ወደ 155 ዋት ሙቀት ይወጣል። የድሮው ባለ 100 ዋት አምፑል ሲበራ በእጅ አይነካም ነበር። ከዚያ የሚበልጥ ሙቀት ጣት በምታህል ቦታ፣ በፕላስተር ተሸፍኖ፣ ሸራ ሥር ማለት ነው። ማከፋፈያ ላይ ማከፋፈያ መቀጠልም ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ መጋጠሚያ በተከታታይ የሚጨመር ተቃውሞ ነው።

መድኃኒቱስ ምንድን ነው? አንደኛው ገመዱን ማወፈር ነው። ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ቢሆን የዚያው የ28 ሜትር ገመድ ተቃውሞ ወደ ሩብ ኦም ይወርዳል። በሁለቱ ምድጃዎች የሚፈጠረው ሙቀትም ከ336 ወደ 96 ዋት ገደማ ይቀንሳል። ሁለተኛው ደግሞ የሚሰካውን መቁጠር ነው። አንዱ ያለሌላው አይበቃም። ወፍራም ገመድ ቢኖረንም ጫፉ ላይ ያለው ሰኪና ሶኬት በተለምዶ የሚችለው እስከ 16 አምፔር ነው፤ ሲባዛ 3,520 ዋት። ስለዚህ በድንኳኑ መሥመር ላይ የሚሰካው ሁሉ ተደምሮ ከ3,500 ዋት እንዳያልፍ ማድረግ ያስፈልጋል። አንድ ባለ 2,200 ዋት ምድጃ፣ አንድ ባለ 1,100 ዋት ሻይ ማፍያና 10ሩ አምፑሎች ተደምረው 3,410 ዋት ናቸው። ይህ ይበቃናል። በወፍራሙ ገመድ ላይ የሚፈጠረው ሙቀትም ከ60 ዋት በታች ነው፤ በሜትር 2 ዋት ያህል። ሁለተኛው ምድጃ ግን እዚህ መሥመር ላይ ቦታ የለውም። ወይ ከሌላ ቤት፣ በሌላ ብሬከር፣ በሌላ ገመድ ይምጣ፤ ወይም እንደ ቀድሞው ከድንኳኑ ራቅ ብሎ በከሰል ይሠራ።

ይህ ሕግ ለትልቁም ለትንሹም አንድ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የሕዳሴ ግድባችን ኃይል 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከግድቡ የሚነሣው ትልቁ መሥመር 500,000 ቮልት የተደረገው ለጌጥ አይደለም። ግፊቱ ከፍ ሲል ያንኑ ኃይል ለማድረስ የሚያስፈልገው አምፔር ያንሳል፤ አምፔሩ ሲያንስ በመንገድ በሙቀት የሚባክነው በጣም ይቀንሳል። መሐንዲሶቹ በመቶ ኪሎ ሜትሮች ላይ የሚጠነቀቁለትን ነገር እኛ በ28 ሜትር ላይ ልንዘነጋው አይገባም። ያ ሁሉ ኃይል ቢመጣም ወደ ድንኳናችን የሚገባው በዚያችው ገመድ ነው።

ይህን ካልኩ ዘንድ ስለየቤታችንም ጥቂት ልናገር። የእንጀራ ምጣዶቻችን ብዙዎቹ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ናቸው። 3,300 ዋት የተጻፈበት ምጣድ 15 አምፔር ይስባል፤ ብቻውን አንድ መሥመር ይሞላል። ስለዚህ ምጣድ በማከፋፈያ አይሰካም፤ የራሱ ወፍራም መሥመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቆጣሪ የምንኖር ደግሞ ሁለት ምጣድ በአንድ ሰዓት ብናስነሣ 30 አምፔር ይሆናል። ቅዳሜ ጠዋት በተራ መጋገር ይሻላል። ተራ መያዝ የሚያስከፍለው ገንዘብ የለም።

በጋራ ቆጣሪ የተነሣ ጎረቤትና ጎረቤት ሲቀያየም አይተናል። አብዛኛውን ጊዜ ጠቡ በአምፑል ነው፤ «እነ እገሌ ሌሊቱን ሙሉ ያበራሉ» በሚል። ሒሳቡ ግን ሌላ ይናገራል። ቆጣሪው የሚቆጥረው ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ዋቱ በሰዓት ተባዝቶ ለ1,000 የተካፈለ ማለት ነው። ያ ምጣድ ለሁለት ሰዓት ቢጋገርበት 6.6 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ባለ 11 ዋት አምፑል ይህን ለመብላት 600 ሰዓት መብራት አለበት፤ በየቀኑ 6 ሰዓት ቢበራ 100 ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ የጋራ ሒሳብ ስንካፈል በአምፑል ቁጥር ከመጨቃጨቅ በየቤቱ ስንት ጊዜ እንደተጋገረ መመዝገብ ወደ እውነቱ ይቀርባል። ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥርም የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ስለሚል፣ የቻለ የየራሱን ቆጣሪ ቢያስገባ ለሁሉም ይበጃል።

የተከበራችሁ አባላት፤

አሁን ወደ ውሳኔ ሐሳቤ ልግባ። ለጉባዔው የማቀርበው የሚከተሉትን ነው።

1ኛ. በዕቃ ቤታችን ያለው ቀጭን ገመድና በእጅ የተቀጣጠለው ማከፋፈያ ከዛሬ ጀምሮ ከአገልግሎት እንዲወጣ፤ ለማንም አባል በውሰት እንዳይሰጥ።

2ኛ. በምትኩ 30 ሜትር የሚሆን፣ ቅጥያ የሌለው፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ፣ የመሬት ሽቦ ያለው ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ በጎማ ልባስ፣ ከነራሱ ባለ 16 አምፔር ብሬከር እንዲገዛ። ያን ጊዜ ከ3,500 ዋት አልፈው ቢሰኩ የሚጥለው የራሳችን ብሬከር ይሆናል። ለአምፑሎቹም ለብቻቸው ሌላ ቀጭን ገመድ ይኑራቸው፤ ምድጃው ብሬከር ቢጥል ድንኳኑ ጨለማ ሆኖ የፈላ ውሃ ሰው ላይ እንዳይደፋ።

3ኛ. በእድሩ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ሁሉ ላይ ዋታቸው በቀለም ጎልቶ ይጻፍ፤ በማከፋፈያው ሣጥን ላይም «ተደምሮ ከ3,500 ዋት አይለፍ፤ ገመዱ ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ» የሚል ይለጠፍ።

4ኛ. ድንኳን በተተከለ ቁጥር የሚሰካውን የሚቆጣጠር አንድ ሰው ይመደብ። የንብረት ክፍል ኃላፊያችን ቢሆኑ ጥሩ ነው። ከቤቱ መሥመር ጋር የሚያያይዘውም የሥራ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሁን።

5ኛ. እሳት ቢነሣ ማንም ውሃ እንዳይደፋ፤ አስቀድሞ ከዋናው ማጥፊያ መሥመሩ እንዲቆረጥ ለአባላት በሙሉ ይነገር። ኮረንቲ የያዘውንም ሰው መሥመሩ ሳይቋረጥ በእጅ መጎተት ሁለት ሰው ማጣት ነው። አንድ የእሳት ማጥፊያ ከድንኳኑ ጋር አብሮ ይሂድ።

አንዳንድ አባሎቻችን «የእድር ገንዘብ ለቀብርና ለሐዘንተኛ እርዳታ ነው እንጂ ለሽቦ መግዣ አይደለም» የሚል አስተያየት እንዳላቸው ሰምቻለሁ። አስተያየቱን አከብራለሁ፤ ገንዘቡ የእናት የአባት ገንዘብ ነው፤ በየወሩ ከጉሮሮ ተነጥቆ የሚከፈል ነው። ነገር ግን ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ብረት ድስቱም የተገዛው በዚሁ ገንዘብ ነው። ለቀብር የተቋቋመ እድር ራሱ ቀብር እንዳያመጣ መጠንቀቅም ሥራው ነው። ሐዘንተኛው ቤቱን ከፍቶ ገመድ ሲሰጠን ልቡ በሌላ ነገር ተይዟል፤ ስንት አምፔር እንደሰካንበት አይጠይቀንም፤ ሊጠይቀንም አይገባም። መቁጠሩ የእኛ ፋንታ ነው።

ብዙ ቁጥር ጠርቼ አሰልችቻችሁ እንደሆነ ይቅርታ አድርጉልኝ። ቁጥሮቹን ብትረሷቸውም ግድ የለም፤ በጽሑፍ ይዤዋለሁ፤ በዓመታዊ መጽሔታችን ላይም ይወጣል። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ግን የምጣዳችሁንና የምድጃችሁን ዋት ከጀርባው አንብቡ፤ ለ220 አካፍሉት፤ ከዚያም የተሰካበትን ገመድ በዓይናችሁ እዩት። ገመዱ ሲነካ የሚሞቅ ከሆነ ንቀሉት። ይህን ለማድረግ የኮሚቴ ውሳኔ መጠበቅ አያስፈልግም።